ማዳበሪያና በቆሎ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ ስለ ማኅበራችን የመጋዘን ማስፋፊያ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በምዕራብ ጎጃም በቆሎ አምራች ከሆኑት ወረዳዎች በአንዱ በሚገኝ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ለ14 ዓመታት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሠርቼ፣ ዘንድሮ ቁልፉን ለተተኪዬ ያስረከብሁ ሰው ነኝ። ጋዜጦች በየጊዜው የሚያወጡትን የመጋዘን ምረቃ ዜና አንድም ሳላሳልፍ አነባለሁ፤ ዜናው ሁልጊዜ የሚነግረን መጋዘኑ ስንት ኩንታል እንደሚይዝና ስንት ብር እንደፈጀ ነው። አሁን ብዕር ያስነሣኝ የእኛም ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ 10,000 ኩንታል የሚይዝ አዲስ መጋዘን ለማሠራት በሐሳብ ደረጃ ተስማምቶ ዝርዝሩን ለሥራ አመራር ኮሚቴው የመራው መሆኑ ነው። እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ነገር ግን አሥር ሺሁ ኩንታል የማን እህል እንደሚሆን፣ በየትኛው ወር ገብቶ በየትኛው ወር እንደሚወጣ ሳንነጋገር ብሎኬት ማስጫን እንዳንጀምር እሰጋለሁ፤ ስጋቴም ከሥራዬ የመጣ እንጂ ከወሬ አይደለም።

በመጀመሪያ አሁን ያለን መጋዘን በእርግጥ ምን ያህል እንደሚይዝ ልናገር። ቤቱ በደርግ ዘመን፣ አገልግሎት ሰጪ ማኅበር በነበርንበት ጊዜ የተሠራ፣ ርዝመቱ 20 ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በ1983 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ በብዙ ቦታ የማኅበራት ንብረት ሲዘረፍ የእኛም በሩና መስኮቱ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዶ ነበርና፣ በኋላ እንደገና ሲታደስ በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «5,000 ኩንታል» ተብሎ ተጻፈበት። ለወረዳ ሪፖርት ሲደረግም ይኸው ቁጥር ነው የሚላከው። እኔ ግን በሜትር ለክቼዋለሁ። ክምሩ ግድግዳ እንዳይነካና ሰው ዞሮ እንዲያየው በየአቅጣጫው አንድ አንድ ሜትር ሲተው ወለሉ 8 በ18 ይሆናል፤ መሐል ለመሐል የሁለት ሜትር መተላለፊያ ሲወጣለት ለክምር የሚተርፈው 128 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ኩንታል በቆሎ በከረጢት ሆኖ ሲደረደር ወደ 0.18 ሜትር ኩብ ቦታ ይፈልጋል። የድሮው የቃጫ ጆንያ ሻካራ ስለነበር እስከ አራት ሜትር ቢቆለል ይጸናል፤ በዚያ ስሌት 2,800 ኩንታል ገደማ ይገባል። ዛሬ ገበሬው ይዞ የሚመጣው ግን ያንን ሕዝቡ «ማዳበሪያ» ብሎ የሚጠራውን የፕላስቲክ ከረጢት ነው። እርሱ ያንሸራትታል፤ ከሦስት ሜትር ሲያልፍ ክምሩ ይናዳል፤ አንድ ጊዜ በወዛደር ላይ ሲናድ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እግዚአብሔር አትርፎት እንጂ። ስለዚህ የመጋዘናችን እውነተኛ ዐቅም 2,100 ኩንታል ነው፤ በሩ ላይ ከተጻፈው ከግማሽ ያነሰ መሆኑ ነው። ለአዲሱ የተባለው 10,000 ኩንታልም በዚሁ ዓይነት ስሌት የተገኘ ከሆነ ከወዲሁ ተነጋግረን ብናርመው ይሻላል፤ ወለሉን ወይም ቁጥሩን።

ከረጢቱ «ማዳበሪያ» መባሉን ካነሣሁ አይቀር፣ ማዳበሪያው ስሙን ለከረጢቱ ብቻ ሰጥቶ አልቀረም፤ መጋዘኑንም ወስዶብናል። ዋናው ነገሬ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ብገልጸው አንባቢዎች ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ። በእኛ አካባቢ በቆሎ ኅዳር ላይ ይደርሳል፤ ተቆርጦ፣ ተልጦ፣ በፀሐይ ቆይቶ፣ በማሽን ተፈልፍሎ ወደ ገበያ በብዛት የሚወጣው በታኅሣሥና በጥር ነው። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ግብሩንና ያለፈውን ዓመት ዕዳውን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚድረው በእነዚሁ ወራት ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ዋጋውም በዓመቱ ዝቅተኛ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ማኅበሩ መግዛትም ሆነ ማስቀመጥ ያለበት በዚሁ ወቅት ነው፤ የተቀመጠውም ዋጋ የሚያገኘው ክረምቱ ገብቶ የገበሬው ጎተራ ሲጎድል፣ በሰኔና በሐምሌ እንዲሁም በነሐሴ ነው። በመሐሉ ግን ማዳበሪያው ይመጣል። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ፣ የማኅበራት ኅብረት በሆነው በዩኒየኑ በኩል አልፎ ወደ መሠረታዊ ማኅበራት የሚደርሰው ዩሪያና ኤንፒኤስ ከጥር ጀምሮ መግባት ይጀምርና መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በጭነት መኪና እየተደራረበ ይመጣል። ሹፌሩ አራግፉልኝ ብሎ በር ላይ ይቆማል። ከወረዳም «ማዳበሪያው ውጭ እንዳያድር» የሚል ትእዛዝ ይከተላል፤ ትእዛዙ ትክክል ነው፣ ዩሪያ እርጥበት ከሳበ ድንጋይ ይሆናልና። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ መውጣት አለበት፤ በ14 ዓመት ውስጥ የወጣው ሁልጊዜ በቆሎው ነው።

አንድ ዓመት መጋቢት ውስጥ ወደ 1,400 ኩንታል በቆሎ ነበረን። ሦስት መኪና ማዳበሪያ በተከታታይ ሲመጣ ኮሚቴው በአንድ ማታ ተሰብስቦ በቆሎው ለነጋዴ እንዲሸጥ ወሰነ። ነጋዴው ቦታ እንደጠበበን ያውቃል፤ እንዲያውም በር ላይ የቆሙትን መኪኖች ቆጥሮ ነው የመጣው። ከገዛንበት በኩንታል እምብዛም ሳይበልጥ ሰጠነው፤ የመጫኛውና የማውረጃው ሲቀነስ ትርፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ያው በቆሎ በሐምሌ ምን እንዳወጣ ገበያ የሄደ ሁሉ አይቶታል፤ ከገዙትም መካከል በጥር ለእኛው የሸጡ አባሎቻችን ነበሩበት። በጉባኤ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «መጋዘን ያለን ማዳበሪያ ልናሳድርበት ነው ወይስ እህላችንን?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከአዲሱ ቤት አስቀድሞ መወሰን ያለበት ማዳበሪያና እህል በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳይገቡ ነው። ለማዳበሪያው ወለሉ ደረቅና ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ቀላል ዳስ መሰል መጠለያ ይበቃዋል፤ ዋጋውም ከሙሉ መጋዘን እጅግ ያነሰ ነው። ይህ ቢሠራ አሮጌው ቤታችን ብቻውን፣ አንድ ብሎኬት ሳይጨመርበት፣ እስከ ነሐሴ 2,100 ኩንታል በቆሎ ሊያቆይ ይችላል። እስካሁን ያጣነውም ይህን ነው። ሌላም ምክንያት አለ፦ ዩሪያ የተቀመጠበት ቤት ሽታው ወደ እህሉ ይገባል፣ የቆርቆሮውን ሚስማርና የበሩን ቁልፍ ይበላል፣ ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ፍሬውም ከበቆሎ ጋር ይደባለቃል። ይህን እህል ልጆቻችን ይበሉታል።

ቀጥሎ ያለው የእርጥበት ነገር ነው። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ቅሬታ አለኝ። ከእኔ በፊት በዚሁ መጋዘን የነበረው ንብረት ጠባቂ በጥር 1,500 ኩንታል በሚዛን ተረክቦ በሰኔ ሲያስረክብ ከ50 ኩንታል በላይ ጎደለበት። ሒሳብ መርማሪዎቹ «ጉድለት» ብለው ጻፉበት፤ ሰውየው ሁለት በሬዎቹን ሸጦ ከፈለ፤ ከሥራም ወጣ። በመንደሩ ሌባ ተብሎ ኖረ። እኔ ቦታውን ስረከብ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረ እህሉ ሲገባ ምን ያህል እርጥብ እንደነበር የሚያሳይ አንድም ወረቀት አላገኘሁም። በኋላ ግን ስሌቱን ተማርሁት፤ ቀላል ነው። መቶ ኪሎ በቆሎ 16 በመቶ እርጥበት ይዞ ቢገባ ደረቁ ነገር 84 ኪሎ ነው፤ ይኸው እህል በበጋው ወደ 12.5 በመቶ ሲደርቅ ሚዛኑ ላይ 96 ኪሎ ይሆናል። አራቱ ኪሎ ውኃ ነው፤ ወደ ሰማይ ሄዷል። በ1,500 ኩንታል ላይ ይህ ብቻውን 60 ኩንታል ነው። እንግዲህ ያ ሰው የከፈለው የማንን ዕዳ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። አዲስ መጋዘን ሲታሰብ ሚዛንና የእርጥበት መለኪያ ከበሩ በፊት ይታሰቡ የምለው ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ገቢ በኪሎውና በእርጥበቱ ሁለት ቁጥር ሆኖ ይመዝገብ፤ ተቀባይነት ያለው የክብደት መቀነስም በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ላይ ተጽፎ ይወሰን።

መሣሪያው እስኪገዛ ድረስ ደግሞ እኔ ለዓመታት የተጠቀምሁበት ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ይወሰድና ሲሶው ድረስ በቆሎ ይጨመርበታል፤ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ጥቂት ማንኪያ ይታከልበታል፤ ተከድኖ ጥቂት ደቂቃ ተንጦ እንዲረጋጋ ይተዋል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ቤቱ ይመለስ። ካልተለጠፈ ይግባ። ገበሬው ጥርሱ ውስጥ አድርጎ ሲሰብረው ከሚሰጠው ፍርድ ይህ ይሻላል፤ ሙግትም አያስነሣም፣ ሁሉም ጠርሙሱን ያያልና። ግን የተመለሰው እህል የት ይድረቅ? ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በታኅሣሥ ሲመጣ ገበሬው የፈለፈለውን በቆሎ በጓሮው አፈር ላይ ከመዘርጋት በቀር ምርጫ የለውም፤ ከአፈር ጋር የተነካካና በእርጥበት የቆየ በቆሎ ደግሞ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን፣ በማጠብም ሆነ በመቀቀል የማይጠፋውንና ጉበት የሚጎዳውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ስለዚህ የማኅበሩ ግቢ ከመጋዘኑ ወለል ያላነሰ ስፋት ያለው የሲሚንቶ ሊሾ አውድማ ቢኖረው፣ አባል በሸራ ይዞ መጥቶ አድርቆ የሚያስገባበት፣ ከቆርቆሮው ይልቅ የበለጠ እህል ያተርፍልናል የሚል እምነት አለኝ። መሐንዲሶች በዚህ ላይ ሊስቁ ይችላሉ፤ አውድማ አይመረቅም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም።

ስለ ነቀዝ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም፤ በቆሎ የሚያመርት ሁሉ ያውቀዋል። ያልታወቀው ነገር ነቀዙ መጋዘን ውስጥ እንደማይጀምር ነው። እንስቷ ገና ማሳ ላይ እያለ ፍሬውን ቀዳ እንቁላሏን ውስጡ ታኖራለች፤ ቀዳዳውን መልሳ ትደፍነዋለች፤ ትሉ በውስጥ እየበላ አድጎ በአምስት ሳምንት ገደማ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። በጥር «ንጹሕ ነው» ብለን የተረከብነው እህል በየካቲት መጨረሻ የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። የድሮው የአገር በቆሎ ሽፋኑ እስከ ጫፉ ጥብቅ አድርጎ ስለሚሸፍነው ይሻል ነበር፤ ዛሬ የምንዘራቸው ዲቃላ ዝርያዎች ምርታቸው ብዙ ነው፣ ነቀዝን የመቋቋም ዐቅማቸው ግን ያንኑ ያህል አይደለም። በአገር ደረጃ በ1980ዎቹ አማካይ የበቆሎ ምርት በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ከ40 ኩንታል በላይ ደርሷል። ምርቱ በእጥፍ ሲያድግ ጎታውና ጎተራው ግን የአያቶቻችን እንደሆነ ቀረ። ጎታ ለጤፍ በቂ ነበር፤ ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመታት ይቆያል። በቆሎ እንዲህ አይደለም።

በጋዝ ማጠን፣ ማለት በፎስፊን ክኒን፣ አንዱ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ክምሩ ጋዝ በማያሳልፍ ሸራ ተሸፍኖ ጠርዙ በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ቢያንስ አንድ ሳምንት ካልቆየ ጋዙ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይወጣል፤ ነቀዙም ሳይሞት ይለምደዋል። በእኛ መጋዘን እንዲህ ያለ ሸራ ኖሮ አያውቅም፤ ክኒኑ በወረቀት ተጠቅልሎ በየክምሩ መሐል ይጣልና በሩ ይዘጋ ነበር፣ እኔም ጭምር እንዲሁ አድርጌአለሁ። አሁን ሳስበው ለራሴም ለጥበቃውም ሕይወት አደገኛ ነበር። ከዚህ ይልቅ ባለ ሦስት ሽፋኑ፣ ፒክስ የሚባለው ከረጢት ያለ መድኃኒት ይሠራል፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ጨርሶ ይታፈናል። እህሉ ደረቅ መሆን አለበት፤ ውስጠኛው ሽፋንም እንዳይቀደድ በጥንቃቄ መያዝ አለበት፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ከአንድ ምርት ዘመን በላይ ያገለግላል። ማኅበሩ በጅምላ ገዝቶ በመግዣ ዋጋ ለአባላት ቢያቀርብ ከእህሉ ከፊሉ በየቤቱ በደኅና ይቀመጣል፤ አዲሱም መጋዘን 10,000 ኩንታል መሆን ላያስፈልገው ይችላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። መጋዘን ተሠርቶ ባዶ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በጥር መግዣ ገንዘብ ስለሌለ ነው። ለስሌት እንዲመች አንድ ኩንታል በ3,000 ብር ተገዛ እንበል፤ ገንዘቡ በዓመት 15 በመቶ ወለድ የተበደርነው ቢሆን የስድስት ወሩ ወለድ 225 ብር ነው፤ እህሉ ሲደርቅ የሚቀንሰው 3 በመቶ ክብደት 90 ብር ነው፤ ለከረጢት፣ ለመጫኛ፣ ለጥበቃና ለመድኃኒት 100 ብር ብንይዝ በሐምሌ ከ3,415 ብር በታች ከተሸጠ ማኅበሩ ከስሯል። ዋጋው ደግሞ ሁልጊዜ አይጨምርም። በ1993 እና በ1994 ምርቱ ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ እንደነበር፣ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በቆሎውን ማሳ ላይ የተወ ገበሬ እንደነበረ አንረሳውም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1995፣ ድርቁ መጥቶ ወደ 13 ሚሊዮን የሚሆን ወገናችን ርዳታ ጠባቂ ሆነ። የአንዱ ዓመት ትርፍ ለሌላው ዓመት ሳይሻገር የቀረበትን ይህን ታሪክ ለመጋዘን ክርክር የማነሣው፣ ማኅበር በብድር ገዝቶ ማስቀመጡ ብቻውን እንደማያስተማምን ለማሳየት ነው።

ሌላ መንገድ አለ፤ ሕጉም ፈቅዶታል። እህሉ የገበሬው እንደሆነ ይቆይ፤ ማኅበሩ ያስቀምጥለት እንጂ አይግዛው፤ ለአስቀማጩም ደረሰኝ ይስጠው። ስለ መጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት የወጣው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ሲጀምር የተመሠረተውም በዚሁ አሠራር ላይ ነው። ከዚያም በኋላ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት፣ የመጋዘን ደረሰኝና ሰብል ጭምር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ማለትም አንድ አባል 10 ኩንታል አስገብቶ በደረሰኙ ከፊል ዋጋውን ተበድሮ ግብሩን ይከፍላል፤ በሐምሌ ሲሸጥ ብድሩን ይመልሳል፤ ልዩነቱ የራሱ ነው። አዋጁ ወረቀት ላይ ያለውን ያህል በቀበሌ ደረጃ አልወረደም፤ ምክንያቱም ባንኩ የሚጠይቀው «እህሉ በእርግጥ አለ ወይ? ጥራቱስ ስንት ነው? ቢቃጠል ኢንሹራንስ አለው ወይ?» የሚል ነው፤ የእኛ ሁለት ቁጥር የሌለው መዝገብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ሚዛኑና የእርጥበት መለኪያው እዚህም ላይ ተመልሰው መጡ።

ይህን ስል ሽማግሌዎቻችን የሚያነሡትን ጥርጣሬ ቀላል አድርጌ እንዳላየሁት ይታወቅልኝ። በደርግ ዘመን ገበሬው በኮታ እህሉን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተቆረጠለት ዋጋ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር፤ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሁለት ኩንታል ጭኖ መሄድ በኬላ ያስይዝ ነበር። ኮታው የቀረው በ1982 ነው። ኮታውን ከፍለው የኖሩ አባቶች ዛሬም በጉባኤው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ «እህሌን በማኅበር ጎተራ ካስገባሁ ቁልፉ ከማን ጋር ነው?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ቁልፉን ለያዝሁት ለእኔም ተገቢ ሆኖ ይታየኛል። አዲሱ መጋዘን ቢያንስ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ ከንብረት ክፍሉ፣ ሁለተኛው አስቀማጮች ራሳቸው ከመረጡት፣ የኮሚቴ አባል ካልሆነ ሰው ዘንድ ይሁን። በየወሩም የክምር ቆጠራው ውጤት በማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ።

ስለ ትንንሾቹ አስቀማጮችም አንድ ነገር አለኝ። በእኛ ማኅበር በጥር የሚገዛው እህል ከአምስት ኩንታል በታች ከሆነ ለወዛደርና ለመዝገብ አይመችም ተብሎ ወደ ነጋዴ ይላክ ነበር። ባሏ የሞተባትና መሬቷን በእኩል የምታሳርስ አንዲት አባል በየዓመቱ ሁለት ኩንታሏን በአህያ ጭና እየመጣች ትመለስ ነበር፤ ዕጣዋን ከፍላለች፣ በጉባኤም እንደ ማንኛችንም አንድ ድምፅ አላት። ዞር ብላ በዚያው ቀን በገበያው ለዐርባ ኩንታል ባለቤት ከሚከፈለው ባነሰ ዋጋ ሸጣ ትገባለች። የሚያሳፍረኝ ደግሞ «አምስት ሲሞላ ነይ» እያልሁ የመለስኋት እኔ ራሴ መሆኔ ነው። በአዲሱ ደንብ ዝቅተኛው መጠን አንድ ኩንታል ይሁን፤ የትንንሾቹ እህል በጥራት ደረጃው ተቀላቅሎ በአንድ ክምር ሊቀመጥ ይችላል፤ ደረሰኙ በየስማቸው ይወጣል።

በመጨረሻ ከዩኒየኑ በኩል የሚሰማውን ሐሳብ ልጥቀስ። በየቀበሌው ትንንሽ መጋዘን ከመሥራት አንድ ትልቅ ዘመናዊ ማከማቻ በከተማው ዳር ቢሠራ ይረክሳል ይላሉ። በኩንታል ሲሰላ እውነታቸውን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጎተራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ ትልቅ የእህል ማከማቻ ነው፣ አገርም ያለ እርሱ አትኖርም። ነገር ግን ከእኛ ቀበሌ እስከ ከተማው ያለው መንገድ በክረምት ጭቃ ነው፤ የጸጥታ ችግር በተፈጠረባቸው ወራትም ተዘግቶ ያውቃል። በዚያን ጊዜ እህላችን ከተማ፣ እኛ እዚህ ሆነን እንቀር ነበር። ከማኅበሩ እስከ ሩቁ አባል ቤት በአህያ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ይህ ርቀት መጠበቅ አለበት። ከ10,000 ይልቅ በእውነት የሚሞላ 4,000፣ ከአጠገቡ የማዳበሪያ መጠለያና የሊሾ አውድማ ያለው፣ ለእኛ ይሻለናል። ትልቁን ዩኒየኑ ይሥራው፤ እኛ ከክረምቱ በኋላ የሚተርፈንን እናስገባለት።

ዋና አዘጋጅ ሆይ፤ የማኅበራችን ጉባኤ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው የካቲት ውስጥ ስለሆነ ይህ ደብዳቤ ከዚያ በፊት ቢወጣልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ኮሚቴው ጋዜጣውን ያነባል። ዘጋቢዎቻችሁንም የምጠይቀው ነገር አለ። መጋዘን ሲመረቅ ሄደው እንደሚዘግቡት ሁሉ፣ ያንኑ መጋዘን በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ተመልሰው ቢያስከፍቱትና ውስጡ ያለውን ቢጽፉልን፤ እህል ከሆነ ስንት ኩንታል፣ ማዳበሪያ ከሆነም ማዳበሪያ፣ ባዶም ከሆነ ባዶ ብለው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የአንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የቀድሞ የንብረት ክፍል ኃላፊ
ከምዕራብ ጎጃም